የጥጥ ጢም ያለው ሰውዬና የሙርሳል መለከት

ሙርሳል ከአሶሳ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ይኖራል። ቀርከሃ ሰንጥቆ ወንበር፣ መደርደሪያና ቅርጫት ይሠራል፤ የቤቱ ቀለብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ዙምባራ ላይ።

ዙምባራ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ቅሎቹ አንዱ በሌላው አፍ እየተሰኩ፣ ስፌታቸው በሰም እየተደፈነ፣ በቀርከሃ ልጥ ይታሰራሉ። ትልቁ የሰው ቁመት ያክላል፤ ትንሹን ሕፃን ልጅ ታቅፎት ይሮጣል። እያንዳንዱ መለከት ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ለብቻው ሲነፋ እናቷ የጠፋባት ጥጃ ይመስላል። ነፊዎቹ ሁሉ ቆመው በየተራቸው ሲገቡ ደግሞ ዜማው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ይዞራል፤ መንደሩም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ዙምባራ ላይ ከባዱ ነገር መንፋት አይደለም። ጉንጭን ሞልቶ፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ እየሰሙ፣ የራስን ተራ መጠበቅ ነው። ይህን የማይችል ሰው ሳንባው የቱንም ያህል ቢሰፋ አይፈለግም።

በእነ ሙርሳል መንደር መለከቶቹ አንድ ቤት አይቀመጡም። ጨዋታ ሲያበቃ ማንም ሰው የነፋውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከአይጥና ከዝናብ ይጠብቀዋል፤ ሌላ ጊዜ ሲጠራ ይዞት ይመጣል። የሚፈርም የለም፤ የሚቆጣጠርም የለም። የነፋ ይጠብቃል፣ በቃ። ሙርሳል በዚህ ልማድ ከማደጉ የተነሣ መለከት ሊጠፋ የሚችል ነገር መሆኑን አስቦት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት የገና ሰሞን ዘመናይ ወደ ቤቱ መጣች። ዘመናይ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ አሶሳ በሥራ ተመድባ መጥታ እዚያው የቀረች፣ የአንድ ትንሽ የእደ ጥበብ ማኅበር ጸሐፊ።

«ጋሽ ሙርሳል፣ አዲስ አበባ የገና ባዛር ላይ ቦታ አግኝተናል። ወንበሮቹን እንውሰድ። ዙምባራውንም ይዘን ከሄድን ሰው ድምፁን ሰምቶ ይመጣል።»

«ይሄዳል! ግን አንተ ዘመናይ፣ ስማኝ። ከገና በኋላ ሳና ያገባል። ዙምባራ ለሠርግ መመለስ አለበት።»

ሳና ሴት ልጁ ናት። ሙርሳል በአማርኛ ሲያወራ ወንድና ሴት የሚለይበት ጊዜ የለውም፤ ዘመናይም «አንተ» መባልን ከለመደችው ቆይታለች። እንዲያውም አንዳንድ ቀን በስህተት «አንቺ» ሲላት ተቆጥቷል ብላ ትሰጋለች።

የሙርሳል ሚስት ዓዲላ ቅርጫት እየጨረሰች ሁሉንም ሰምታ ነበር። ለባሏ በበርታ ቋንቋ የነገረችውን ዘመናይ ሳትረዳ ብትቀርም፣ ከፊቱ ገምታዋለች። ያለችው እንዲህ ነው፦ «ልጄ ዙምባራው ሳይጎድል ካልተነፋላት ከደጃፌ አትወጣም። አንዱ መለከት ቢቀር አንተም አብረኸው ቅር።»

አንድ ችግር ነበር። የመሀለኛው መለከት ነፊ ዓብዱልላጢፍ ማሽላው ስላልተወቃለት መሄድ አልቻለም። መለከቱን ግን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸው፤ «እኔ ባላይም እሱ አዲስ አበባን ይይ» አለ። መሀለኛው ደግሞ በሌላ አይተካም። ለእሱ የሚሆነው ቅል የሚበቅለው በክረምት ነው፤ በጥር ሥሩ ተብሎ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ባዛሩ ውስጥ የደረሳቸው ድንኳን ከደባልቄ ጎን ነበር። ደባልቄ የፕላስቲክ ጥድና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚሸጥ ወፍራም የአዲስ አበባ ሰው ነው። መብራቶቹ ይዘፍናሉ፤ ያውም ከጠዋት እስከ ማታ አንዲቷን ዜማ ብቻ።

«የኔ ወንድም፣ ይሄ ቀርከሃ ነው?» አለ ደባልቄ ወንበሩን እየነካ። «ይሸከመኛል?»

ሙርሳል ከላይ እስከ ታች አየው። «ወንበሩ ይችላል። አንተ ቀስ ብለህ ተቀመጥ።»

ከሰዓት በኋላ አብረው የመጡት ወጣቶች መለከቶቻቸውን አንሥተው ተጫወቱ። ዜማው ዞረና መሀሉ ላይ ሲደርስ ባዶ ሆነ። እንደገና ዞረ፤ እንደገና ባዶ። «ጥርሱ የወለቀ ዜማ ነው የያዛችሁት» አለ ደባልቄ። ሙርሳል አልተከፋም፤ እውነት ነውና። ራሱ እንዳይሞላው ደግሞ ትልቁን መለከት ይዟል።

በዚህ መሀል አንድ የገና አባት መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ቀይ ልብስ፣ ቀይ ኮፍያ፣ እስከ ደረት የሚወርድ የጥጥ ጢም፣ በእጁ የሚታደል ወረቀት። ባዛሩ ውስጥ እንደ እሱ ያሉ ሦስት አሉ። ይኼኛው ግን ወረቀት ማደሉን ትቶ ይሰማ ጀመር። አንዴ ሰማ፤ ሁለቴ ሰማ። ሦስተኛው ላይ ዜማው ባዶው ቦታ ሲደርስ ከጢሙ ውስጥ «ሆ!» አለ። በትክክል፣ በቦታው።

ሙርሳል መለከቱን ከአፉ አወረደ። ሄዶ መሀለኛውን ከጨርቁ ፈታና ለሰውዬው አስያዘው። ሰውዬው ጢሙን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ ነፋ። ዜማው ሞላ። ሰው ተሰበሰበ፣ ልጆች ዘለሉ፣ የደባልቄ መብራቶች እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰሙ ቀሩ። አንዲት ሴትዮ ሦስት ወንበር በአንድ ጊዜ ገዝታ ሄደች።

ጨዋታው ሲያልቅ የገና አባት መለከቱን ዘረጋ። «ፋዘር፣ እንካ ዕቃህን።»

ሙርሳልም ዕድሜውን ሙሉ ሲል የኖረውን፣ ከአፉ ሳያስበው የሚወጣውን ቃል አለ። «አንተ ነፋህ፣ አንተ ጠብቅ። ዝናብ እንዳይነካው።»

«የእውነት?»

«ወላሂ።»

ቀዩ ሰውዬ መለከቱን ታቅፎ በሰው መሀል ጠፋ።

ዘመናይ መጉደሉን ያወቀችው ዕቃ ሲሰበስቡ ነው።

«መሀለኛው የታለ?»

«ነፊው ዘንድ ነው» አለ ሙርሳል፣ ቅርጫት እየደረደረ።

«ነፊው ማን ነው?»

«ያ ቀይ የለበሰው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«አልጠየቅሁትም። ስንጫወት ይመጣል።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«እዚሁ።»

«ጋሽ ሙርሳል፣ እዚሁ ማለት አዲስ አበባ ነው!»

ሙርሳል ቅርጫቱን አስቀመጠ። ከድንኳኑ ውጪ መኪናው፣ ፎቁና ሰዉ ይተራመሳል። መንደሩ ውስጥ ስንት ቤት እንዳለ ያውቃል፤ የትኛው ቤት የትኛው መለከት እንዳለም ያውቃል። አሁን ያንኑ ነገር እዚህ ለማሰብ ሞከረና ራሱን ያዘ።

«ሳና…» አለ ቀስ ብሎ።

ደባልቄ ከጎን ሆኖ ሳቁ አልያዝ አለው። «የገና አባት ስጦታ ሲሰጥ ነበር የምናውቀው! ሲቀበል ያየነው ዛሬ ነው። ለመሆኑ ጢሙን አምነህ ነው?»

«ጢሙ ጥጥ መሆኑን አይቻለሁ» አለ ሙርሳል። «ግን የጥጥም ቢሆን ጢም ያሰረ ሰው ትንሽ ያፍራል ብዬ ነው።»

በማግስቱ ፍለጋው ተጀመረ። ዘመናይ ሦስቱንም የገና አባቶች እጃቸውን እየጎተተች አመጣች። ሦስቱም ወንጀል የተገኘባቸው ይመስል ጢማቸውን ይዘው ተሰለፉ። ልብሱን ጠዋት ቀድሞ የደረሰ እንደሚለብሰው፣ ትናንት ማን እንደለበሰውም እንደማያውቁ ነገሯት። ሙርሳል ግን ፊታቸውን አላየም። ትንሹን መለከት ሰጣቸው።

«ንፋ።»

የመጀመሪያው ነፋ፤ ምራቅ ብቻ ወጣ። ሁለተኛው ነፋ፤ የጎማ ንፋስ የሚወጣ መሰለ። ሦስተኛው ሲነፋ ጢሙ መለከቱ ውስጥ ገባና አስነጠሰው። ሙርሳል በየተራ ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። አይደለም። ይማርህ፤ አይደለም።»

ይህን ለማየት የተሰበሰበው ሰው ብዛት ለጉድ ነበር። በሦስተኛው ቀን የባዛሩ ጎብኚ ሁሉ «የገና አባት የሚፈተንበት ድንኳን የት ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ቀርከሃው እየተሸጠ አለቀ። ደባልቄ አንድ ጥዱን ይዞ መጣና «እባክህ ይሄንንም ፈትንልኝ፣ ምናልባት ገዢ ያገኛል» አለው። ሙርሳል ግን እየሳቀም ውስጡ በጭንቀት እየቀለጠ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲጫወቱ ባዶው ቦታ ላይ በደረሱ ቁጥር ዓይኑን ወደ መግቢያው ይወረውራል። ማንም አይገባም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ዘመናይ ተስፋ ቆርጣ ነበር።

«ለእትዬ ዓዲላ ጥሩ ሻሽ እንግዛላት» አለችው። «ቁጣዋን ያለዝበው ይሆናል።»

«ለእሱ ቁጣ ሻሽ አይበቃም። ምንጣፍ ነው የሚያስፈልገው።»

ሻሽ ሊገዙ ወጥተው ታክሲ ተራው ጋ ቆሙ። ረዳቶቹ እየጮኹ ነው፤ መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል፤ ተራ አስከባሪው ይሳደባል። ሙርሳል በድንገት የዘመናይን ክንድ ያዘ።

«መሀለኛው!»

«ምን?»

«መሀለኛው እዚህ ነው! ስማ!»

ዘመናይ የሰማችው ጫጫታ ብቻ ነው። እሱ ግን በመኪኖች መሀል እያቋረጠ ሮጠ፤ እሷም ይቅርታ እየጠየቀች ተከተለችው። ጥግ ላይ በቆመች ሰማያዊና ነጭ ታክሲ በር አንድ ቀጭን ወጣት ተንጠልጥሏል። «ሳሪስ! ሳሪስ! ሁለት ሰው!» ይላል፤ ከዚያ አንገቱ ላይ በሻርፕ ካንጠለጠለው መለከት አንድ ረጅም ድምፅ ያወጣል። ሰዉ እየሳቀ ይገባል።

«ፋዘር!» አለ ወጣቱ ሙርሳልን ሲያይ። ያለ ጢሙ ገና ልጅ እግር ነው፤ ድምፁን ካልሰሙ ማንም አይለየውም። ደስታው ግን የእውነት ነበር። «ጠብቅ ባልከኝ መሠረት እየጠበቅሁ ነው! ዝናብም አልነካው።»

ሹፌሩ ኪዳኔ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ፣ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «የናንተ ነው? ስለ ፈጠራችሁ ውሰዱልኝ! ሚስቴ ስታናግረኝ እንኳ ‹ቡ…› የሚል ነው የሚሰማኝ።»

ዘመናይ እጇን ዘረጋች። «እሺ ወንድሜ፣ ስህተት ነው የተፈጠረው። ስጠንና እንሂድ።»

ወጣቱ ፊቱ ጠቆረ። መለከቱን አልሰጠም፤ አልከለከለምም፤ ብቻ ያዘው። ሙርሳል ቀረብ ብሎ አየ። የመንፊያው አፍ ተወልውሏል። ከአንዱ መጋጠሚያ ላይ ግን ሮዝ ነገር ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማስቲካ ነው፣ ፋዘር። አየር ያስወጣ ነበር። ደፈንኩት።»

ሙርሳል አሸተተው፣ በጥፍሩ ነካው፣ ከዚያ ነፋው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ትንሽ አሰበ።

«ማስቲካ ጥሩ ነው» አለና መለከቱን መልሶ ለወጣቱ አስያዘው።

«ጋሽ ሙርሳል!» አለች ዘመናይ።

«አይሆንም፣ ዘመናይ። ጠብቅ ብዬዋለሁ፤ ጠብቋል። ከጠበቀ ሰው እጅ መለከት አይነጠቅም። ሰውዬው ነው የሚጠራው።» ወደ ወጣቱ ዞረ። «ስምህ ማን ነው?»

«ኦሊያድ።»

«ኦሊያድ፣ ልጄ ያገባል። መጥተህ ትነፋለህ?»

«የት ነው?»

«አሶሳ።»

«ከሳሪስ ይርቃል?»

«ትንሽ ታልፋለህ» አለች ዘመናይ፣ በንዴትና በሳቅ መሀል።

ከታክሲው ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸች። «ኧረ እንሂድ! ሠርጉን በስልክ ጨርሱት!»

ኦሊያድ ወደ ሹፌሩ ተመለከተ። ኪዳኔ ገና ሳይጠየቅ «ሂድ! ሂድ! እንዲያውም ቆይተህ ና!» አለው።

ኦሊያድ ወደ አሶሳ የሄደው ዕቃ በጫነው አይሱዙ ላይ፣ ከነፊዎቹ ጋር ተቀምጦ ነው። ልማድ ሆኖበት መኪናው በቆመበት ከተማ ሁሉ «አሶሳ! አሶሳ! ሁለት ሰው!» ብሎ መለከቱን ይነፋል። መንዲ ላይ አንድ ሰውዬ ከነሚስቱና ከነዶሮው እየሮጠ መጥቶ ሊሳፈር ሲል በስንት ልመና መለሱት።

ዓዲላ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ወሬው በስልክ ቀድሞ ደርሷታል። ባሏን አለፈችና የማታውቀው ወጣት ፊት ቆመች። የባምባሲ ገበያ ስትመላለስ በተማረችው ኦሮምኛ አናገረችው፤ ኦሊያድም የጊምቢ ሰዎች ልጅ ነውና ገባው።

«የጥጥ ጢም ነበረህ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እናቴ።»

«ጢሙስ የት ደረሰ?»

«ለባለቤቱ መለስኩት።»

«ጢሙን መልሰህ መለከቱን ያዝክ?»

«ጢሙን ጠብቅ ያለኝ የለም።»

ዓዲላ ሙሽራውን ጣሀንና ወገኖቹን ለመቀበል ወዳዘጋጀችው ጥላ ወሰደችውና የሚበላ አቀረበችለት።

በሠርጉ ቀን የጣሀ ሰዎች ግቢውን ሞሉት። ሳና ተሸፍና በሩ ውስጥ ቆማለች። ነፊዎቹ ክብ ሠሩ፤ ኦሊያድ መሀል ቦታውን ያዘ። ዜማው ተጀመረ፣ ዞረ፣ ወደ እሱ ቀረበ፤ ኦሊያድም ሳይደርስ ነፋ። ዜማው ተደናቅፎ ቆመ።

«ወራጅ አለ!» አለ አንዱ ነፊ፤ ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ቀደመ። ባዛሩ ላይ ቢሳካለትም፣ ሰው ሳይሞላ ከመጥራት ሌላ ሥራ የማያውቅ አፍ ነው፤ ዝምታ ሲያይ አያስችለውም። ሁለተኛው ላይ የሳቀው ጥቂት ሰው ነበር። ሳና አንድ እግሯን ከደፉ ላይ መልሳ አስገባች። ዓዲላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ባሏን አየችው፤ ሙርሳልም ትልቁ መለከት ጀርባ ለመደበቅ ሞከረ።

ዓብዱልላጢፍ ከሰው መሀል ወጣ። ማሽላውን ወቅቶ ጨርሷል፤ አዲስ ጀለቢያ ለብሷል። እጁን ወደ ኦሊያድ ዘረጋ። «ስጠኝ ወንድሜ። የኔ ቦታ ነው።»

ኦሊያድ ሙርሳልን አየ። ሙርሳል ትከሻውን ነቀነቀ። «አንተ ዘንድ ነው ያለው። አንተ ታውቃለህ።»

ወጣቱ ላቡን ጠረገ። «አንዴ ብቻ» አለ። «አሁን ካበላሸሁ ውሰደው።»

ዓይኑን ጨፈነ። ዜማው ከትልቁ መለከት ተነሣ። ኦሊያድ ጉንጩን ሞላ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ አልነፋም። ቀጣዩ ነፋ፤ ቀጣዩም። ግቢው ውስጥ ሁሉም የሱን ጉንጭ ነው የሚያየው። ፊቱ እንደዚያ የባዛር ልብስ ቀላ። ከጎኑ ያለው መለከት ጨረሰና ቦታው ባዶ ሆነ፤ ያኔ ኦሊያድ ነፋ። ድምፁ ወደ ክፍተቱ ገብቶ ልክክ አለ። ዜማው አለፈ፣ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ጠበቀው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሳና ደፉን ተሻግራ ወጣች።

ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አላቆሙም። ዓብዱልላጢፍ እንኳ ቅር ብሎት ቆይቶ፣ በኋላ ከኦሊያድ ጎን ሆኖ ይጨፍር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኦሊያድ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ሊሳፈር ተነሣ። መለከቱን ይዞ መውጣት እንደማይችል ገብቶታል፤ ሙርሳል ግን አሁንም ሊወስድበት አልፈለገም።

«ለማን ልስጠው?» አለ ኦሊያድ።

«የሚጠብቅልህን አንተ ምረጥ። ደንቡ እንደሱ ነው።»

ዓብዱልላጢፍ ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበ። ሙርሳልም፣ አይሆንም ሲል ቆይቶ፣ ሳያስበው እጁን ዘርግቶ ነበር። ኦሊያድ ሁለቱንም አየ።

«ይቅርታ ፋዘር። አንተ ነገም ጢም ያሰረ ካገኘህ ትሰጠዋለህ» አለና ዞሮ መለከቱን ለዓዲላ አስታቀፋት።

በዚያ መንደር ዙምባራ በሴት ስም ተቀምጦ አያውቅም። መጀመሪያ ዘመናይ ሳቀች፤ ሌላውም ተከተለ፤ መጨረሻ ላይ ዓብዱልላጢፍም ሳይወድ ሳቀ።

ዓዲላ መለከቱን አገላብጣ አየችው። ወደ ውስጥ ገብታ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀለችውና ተመለሰች።

«ጨዋታ ያለ ቀን ነፊው መጥቶ ይጠይቀኛል» አለች። «ማታ ደግሞ ይመልስልኛል።»

«ይሄ ልማዳችን አይደለም» አለ ሙርሳል።

«ልማዱ የያዘ ይጠብቅ ነው። ይኸው ይዣለሁ። አሁን ልጁን አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሸኘው፤ የያዘውን ስንቅ ደግሞ መንገድ ላይ ለሰው እንዳትሰጥበት።»